“ማጨስ ክልክል ነው” - በሶዶ ማን ይከልክል?

በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስ በኢትዮጵያ ከተከለከለ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ያጸደቀው በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ በወላይታ ሶዶም ሆነ በጂንካ፣ በባህር ዳርም ሆነ በድሬዳዋ፣ በቢሮ፣ በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በቡና ቤት፣ በግሮሰሪ፣ በአውቶቡስና በታክሲ ውስጥ ሲጋራ መለኮስ ሕግ መጣስ ነው። ይህ ለአንዳንድ አንባቢ አዲስ ወሬ ቢመስል አይገርምም። በአደባባይ የታወጀውን ነገር እንደ ምስጢር የሚያንሾካሹክ ሲገጥመው ያገራችን ሰው “ያዋጁን በጆሮ” ይላል። የትምባሆው ሕግ ዕጣ ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ በአዋጅ የተነገረውን በጆሮም የሚነግር ጠፍቷል።

ስለዚህ አንድ የከተማ አስተዳደር ወይም ዞን “በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ማጨስን ልከለክል ነው” ብሎ ቢነሳ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ይከልከል ወይስ አይከልከል?” የሚለው አይደለም። እሱ ተወስኗል። ጥያቄው “ማን ይከልክል?” ነው። ጭሱ ቤቱን ሲሞላው “እዚህ አይቻልም” ማለት ያለበት ማን ነው? ፖሊሱ? የጤና ተቆጣጣሪው? የቤቱ ባለቤት? አጠገቡ የተቀመጠው እንግዳ? ወይስ ቢራውን ይዛ የቆመችው አስተናጋጅ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያዘጋጅ የሚወጣ ክልከላ ሁሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። መልሱ ደግሞ ያን ያህል የራቀ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት የፈረመችው በየካቲት 1996 ዓ.ም. ነው። ፊርማው በፓርላማ ጸድቆ የአገሪቱ ሕግ አካል እስኪሆን ግን አሥር ዓመት ጠብቋል፤ የማጽደቂያው አዋጅ ቁጥር 822 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ዓመት፣ በ2007 ዓ.ም.፣ የያኔው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን የትምባሆ ቁጥጥር መመሪያ ቁጥር 28ን አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው አዋጅ 1112/2011 ጉዳዩን ከመመሪያ ወደ አዋጅ ከፍ አድርጎ በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት የትምባሆ ሕጎች ተርታ አሰለፈው።

አዋጁ ጣሪያና ግድግዳ ባለው ማናቸውም የሥራ ቦታ፣ የሕዝብ መገልገያና የሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። “ለአጫሾች የተለየ ክፍል” የሚባል ነገር አላስቀረም። ከእነዚህ ቦታዎች በርና መስኮት አሥር ሜትር ሳይርቁ ማጨስም አይፈቀድም። የጤና ተቋማት፣ የትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ግቢያቸውም ጭምር ከጭስ ነፃ መሆን አለበት። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥ፣ ሲጋራን በፍሬ መቸርቸር፣ ትምባሆን ማስተዋወቅ፣ ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለገበያ ማቅረብ ሁሉ ክልክል ነው። በፓኬቱ ላይ 70 በመቶውን ቦታ የሚሸፍን በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምም ያዛል።

ከሁሉም በላይ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚሆነው አንድ ነጥብ አለ። ሕጉ ግዴታ የጣለው በአጫሹ ላይ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ባለቤትና ኃላፊ ላይም ነው። “በቤቴ አይጨስም” ብሎ ምልክት የመለጠፍና የማስከበር ግዴታ የእሱ ነው። ብዙ ሰው ሕጉን ሲሰማ ወደ አእምሮው የሚመጣው አጫሹን አንገቱን ይዞ የሚወስድ ፖሊስ ነው። ሕጉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ግን ቤቱን ነው።

አምስቱ ያጨሳሉ፣ ሃያ ዘጠኙ ይተነፍሳሉ

“እኛ አገር አጫሽ ጥቂት ነው፤ ምን ያስቸኩላል?” የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተካሄደው የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት እንዳሳየው፣ በማናቸውም መልክ ትምባሆ የሚጠቀመው ከመቶ አምስት ሰው ነበር። ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ነው።

የዚያው ጥናት ሌላው ገጽ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። በቤት ውስጥ ከሚሠሩ አዋቂዎች መካከል 29.3 በመቶ የሚሆኑት በሥራ ቦታቸው ለሌላ ሰው የሲጋራ ጭስ የተጋለጡ ነበሩ። ምግብ ቤት ከገቡት ሲሶ የሚጠጉት፣ መጠጥ ቤትና ጭፈራ ቤት ከገቡት ደግሞ 60 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ጭስ ተቀብሏቸዋል። በአጭሩ፣ ከመቶ ሰው ትምባሆ የሚጠቀመው አምስት ሆኖ ሳለ፣ ከመቶ ሠራተኛ ሃያ ዘጠኙ ያንን ጭስ ይተነፍሳል።

ጭሱ ደግሞ ዝም ብሎ ሽታ አይደለም። ከሰባት ሺህ በላይ ኬሚካሎች የተገኙበት ሲሆን ሰባ ያህሉ ካንሰር እንደሚያመጡ ይታወቃል። ልብና ሳንባን ይጎዳል፤ ሕፃናትን ለአስምና ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል፣ ከእነዚህም ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው ያላጨሱ እንደሆኑ ይናገራል። መስኮት መክፈት፣ ፋን ማዞር ወይም አጫሹን ወደ ጥግ ማዛወር ሽታውን ይቀንስ እንደሆነ እንጂ መርዙን አያስወግድም። ሕጉ “የአጫሾች ክፍል” የሚለውን ማምለጫ የዘጋው ለዚህ ነው። ለነገሩ በአጫሾች ክፍል ውስጥም ቢሆን ቢራውን የምታቀርብ፣ ጠረጴዛውን የምትወለውል ሠራተኛ አለች።

አጫሹ ጥቂት የመሆኑ ነገር ሌላም ትርጉም አለው። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጃፓን ቶባኮ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰው። ከመቶ ሰው አምስቱ ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር ላይ አንድ ቢሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዶላር የሚያወጣ ነጋዴ ምን አይቶ ነው? ሞኖፖሉን አይቶ ነው፤ እርግጥ ነው። ነገር ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሆነውን፣ አብዛኛውም ወጣት የሆነውን ሕዝብ ሳያይ ሒሳቡን ሠራ ማለት አይቻልም። እኛ “ጥቂት ነው” ብለን የምንጽናናበት ቁጥር ለሌላው “ገና ያልተነካ ገበያ” ነው። ጥቂት አጫሽ ያለው አገር ክልከላን በርካሽ ማስከበር ይችላል፤ ብዙ አጫሽ ካፈራ በኋላ ግን ዋጋው ሌላ ነው።

ይሉኝታ የተባለው ዳኛ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ከመቶ ሰው ዘጠና አምስቱ በማያጨስበት አገር፣ ሕጉም በማያጨሰው ወገን ሆኖ ሳለ፣ ለምን አምስቱ ያሸንፋሉ?

መልሱ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ በባሕላችን ውስጥ ይገኛል። ይሉኝታ ነው። ታናሽ ታላቁን “ሲጋራዎን ያጥፉ” አይለውም። ባለጉዳይ ፊርማ የሚጠብቅበትን የቢሮ ኃላፊ “ጭሱ አሳለኝ” አይለውም። እንግዳ ጋባዡን አይገስጽም። አስተናጋጇማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ደንበኛው ቅር ብሎት ቢሄድ ጉርሻዋ ይቀራል፤ ለአሠሪዋ ቢያጉረመርም ደግሞ እንጀራዋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቆጠራል።

ሕግ እዚህ ላይ ነው ሥራ ያለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ሰዎች ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 42 ደግሞ ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። ሆኖም በወረቀት ላይ ያለ መብት ይሉኝታን አያሸንፍም። አስተናጋጇ የሚያስፈልጋት የአንቀጽ ቁጥር ሳይሆን በትሕትና የምትናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ “ይቅርታ ጌታዬ፣ ቤቱ ይቀጣል።” ይህን ስትል ደንበኛውን አላዋረደችም፤ ራሷንም ዳኛ አላደረገችም። ጥፋቱን ወደ ሕጉ አሻገረችው። ደንበኛውም ቢሆን በሴት ልጅ ተከለከልኩ ሳይል ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል።

ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው ግን ቤቱ በእርግጥም የሚቀጣ ከሆነ ብቻ ነው። የክልከላው ምስጢር ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል። በየጠረጴዛው የሲጋራ መተርኮሻ እያስቀመጠ በግድግዳው ላይ “ማጨስ ክልክል ነው” የሚል ቤት ደንበኛውን “አጭስ” እያለው ነው።

ይህ የማይሆን ነገር እንዳልሆነ ከራሳችን ኑሮ ማየት ይቻላል። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ ዛሬ ሲጋራ የሚለኩስ ቢኖር ከሹፌሩ ቀድመው የሚነሱበት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። በየወንበሩ ፖሊስ ስለተመደበ አይደለም። ሹፌሩና ረዳቱ ኃላፊነቱ የእነሱ እንደሆነ ስለተቀበሉ፣ ተሳፋሪውም “እዚህ አይጨስም” ማለት ነውር እንዳልሆነ ስለተረዳ ነው። ቡና ቤቱ ከአውቶቡሱ የሚለየው ጎማ ስለሌለው ብቻ ነው።

ከከንፈር ቆረጣ እስከ መቀሌ

ትምባሆን የመከልከል ነገር ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ብለው ማወጃቸው ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው። ቅጣቱ የቱንም ያህል ቢያስፈራ ትምባሆው ግን ንጉሡንም አዋጁንም ተሻግሮ ኖሯል። ይባስ ብሎም በ1934 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ነጋዴ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር የቅጣት ክብደት ብቻውን ሕግን እንደማያስከብር ነው። ሰው የሚፈራው ቅጣቱ ከባድ ሲሆን ሳይሆን እንደማይቀርለት ሲያውቅ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ መቀሌ አለች። በ2007 ዓ.ም. የመቀሌ ከተማ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ከተማ ተብላ ተጠቅሳለች። አዋጅ 1112 ከመውጣቱ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የመቀሌ እርምጃ ያሳየው አንድ ቁም ነገር የከተማ አስተዳደር ከፌዴራል ሊቀድም እንደሚችል ነው። አዲስ አበባ በበኩሏ ሺሻ ቤቶችን በየጊዜው እያሰሰች ዕቃቸውን ስትሰበስብና ስታሽግ አይተናል። የዘመቻ ነገር ግን የታወቀ ነው፤ ሲመጣ ይጮኻል፣ ሲያልፍ ይረሳል። የታሸገው በር በሌላ ስም፣ በሌላ ሰፈር ይከፈታል።

ጎረቤቶቻችንም የሚያስተምሩን አላቸው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን በደንብ ብትከለክልም፣ ደንቡ ብዙም ሳይተገበር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ራሱን የቻለ የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ ማውጣት ግድ ሆኖባታል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ ለአጫሾች የተለየ ቦታ ፈቀደች። አየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 መጠጥ ቤቶቿን ጨምሮ የሥራ ቦታዎችን ሁሉ ከጭስ ነፃ በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። መጠጥ ቤት የባሕሉ ምሰሶ በሆነበት በዚያ አገር ብዙዎች “አይሠራም” ብለው ነበር። ሠራ። የሠራበት ምክንያትም ሁለት ነው፤ መንግሥት ነገሩን አጫሽን እንደ ማሳደድ ሳይሆን የመጠጥ ቤት ሠራተኛን ሳንባ እንደ መጠበቅ አድርጎ አቀረበው፤ ቅጣቱንም በቤቱ ባለቤት ላይ አሳረፈው።

ሶዶ ለምን?

ወላይታ ሶዶ ይህን ጉዳይ ለመፈተን የተመቸች ከተማ ናት። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት በመሆኗ መንገደኛ የማይለያት፣ ሆቴልና ምግብ ቤትም የሚበዛባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲና ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ብዙዎቹ ሕጉ ሲጋራ እንዳይሸጥላቸው ከከለከለው የዕድሜ ክልል ውስጥ ናቸው። እንደ ሌሎች ከተሞቻችን ሁሉ ግን አንድ ፍሬ ሲጋራ ከሱቅ በደረቴ ለመግዛት መታወቂያ የሚጠየቅ ወጣት የለም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥልጣን ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ከዚያ በፊት የዞንና የከተማ ኃላፊዎች ስለማንኛውም ነገር ሲጠየቁ “ከላይ መመሪያ አልወረደልንም” ማለት ይችሉ ነበር። ዛሬ “ላይ” የሚባለው ቢሮ በእግር የሚደረስበት ሆኗል። የዞኑ ጤና መምሪያና የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትም በዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። ሰበቡ አልቋል።

ሦስተኛው ምክንያት ከትምባሆው ጋር ያለው የቆየ ትውውቅ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ትምባሆን በጓሮ ተክሎ በቅል በተሠራ ጋያ ማጨስ የኖረ ልማድ ነው። በብላቴ ወንዝ አካባቢም የትምባሆ ድርጅቱ እርሻ ሲለማ ኖሯል። በሌላ በኩል በወላይታ የወንጌላውያንም ሆኑ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በማኅበረሰቡ ላይ ያላቸው ተሰሚነት ትልቅ በመሆኑ ሲጋራ ማጨስ ለብዙው ሰው ነውር ነው። ይህ ነውር ግን ሁለት ስለት አለው። አጫሹን ቁጥሩን ይቀንሰዋል፤ የቀረውን ደግሞ ከመንገድ አንሥቶ ወደ ተዘጋ ክፍል፣ ወደ ጫት ቤት ጓዳና ወደ ሆቴል ጥግ ይገፋዋል። ከዘመድ ዓይን የተሸሸገው ጭስ መጨረሻው እዚያ የምትሠራው ልጅ ሳንባ ነው።

“ሌላ ስንት ችግር እያለ!”

የሚነሱትን ተቃውሞዎች ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የመጀመሪያውና ብርቱው “ሌላ ስንት ችግር እያለ” የሚለው ነው። እውነት ነው። የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየት በ2016 ዓ.ም. ከወላይታ ዋና መነጋገሪያዎች አንዱ ነበር። የሥራ አጥነቱና የኑሮ ውድነቱም ለማንም አይነገርም። ነገር ግን ችግሮች በወረፋ አይፈቱም። ደመወዝ ለመክፈል በጀት ያስፈልጋል፤ መተርኮሻን ከጠረጴዛ ለማንሳት ግን በጀት አያስፈልግም። ይህ ከጥቂቶቹ ነፃ የጤና እርምጃዎች አንዱ ነው። በሽታው ሲመጣ ግን ነፃ አይደለም፤ የሚከፍለውም ደመወዙ የዘገየበት ያው ቤተሰብ ነው።

ሁለተኛው የነጋዴው ሥጋት ነው፤ “ደንበኛዬ ይሸሻል።” አንድ ቤት ብቻ ቢከለክል ሥጋቱ ልክ ነው፤ አጫሹ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሁሉም ቤት በአንድ ቀን ከከለከለ ግን የሚሄድበት የለም። ስለዚህ ነጋዴው መቃወም ያለበት ክልከላውን ሳይሆን አድልዎውን ነው። በሌሎች አገሮች የተካሄዱ ጥናቶችም ክልከላው የምግብና የመጠጥ ቤቶችን ገበያ በአጠቃላይ እንዳላዳከመ አሳይተዋል። ደግሞስ ከመቶው ዘጠና አምስት የማያጨስ ደንበኛን ማን ቆጠረው? ጭሱን ሸሽተው ልጆቻቸውን ይዘው የማይገቡት ስንት ናቸው?

ሦስተኛው ተቃውሞ “በየቤቱ የማገዶ ጭስ እየታፈንን ስለ ሲጋራ ታወራላችሁ” የሚል ነው። የማገዶው ጭስ በእናቶችና በሕፃናት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚካድ አይደለም። ሆኖም አንዱ መርዝ ለሌላው ፈቃድ አይሆንም። እንዲያውም ጠዋት በኩሽና ጭስ የተጠበሰች ሴት ማታ በሥራ ቦታዋ ሁለተኛ ጭስ ልትጨመርላት አይገባም።

አራተኛው “የግል ነፃነት” ነው። አዋጁ ማንንም “አታጭስ” አላለም። “በሌላው አየር ውስጥ አታጭስ” ነው ያለው። አጫሹ አሥር ሜትር ርቆ በነፃነቱ ሊጠቀም ይችላል። አስተናጋጇ ግን ከሥራ ቦታዋ አሥር ሜትር ርቃ መሥራት አትችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ ከመንግሥት ቤት መጀመር አለበት። የክልል፣ የዞንና የከተማ መሥሪያ ቤቶች፣ መናኸሪያው፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው ሳይጸዱ የግሮሰሪ ባለቤትን መቅጣት ፍርደ ገምድልነት ነው። ቢሮው ውስጥ የሚያጨስ ኃላፊ የሚፈርመው የክልከላ ደብዳቤ የሚያስቀው ራሱን ተቀባዩን ነው።

ሁለተኛው፣ ኃላፊነቱን በቤቱ ላይ አድርጎ ከንግድና ከጤና ፈቃድ እድሳት ጋር ማያያዝ ነው። ሆቴሉና ምግብ ቤቱ ለፈቃድ ሲመረመር የመጸዳጃ ቤቱና የኩሽናው ንጽሕና እንደሚታይ ሁሉ፣ ምልክት መለጠፉና መተርኮሻ መነሳቱ አብሮ ይታይ። አዲስ መሥሪያ ቤት፣ አዲስ ኮሚቴ፣ አዲስ አበል አያስፈልገውም። ባለቤቱ ፈቃዱን ላለማጣት ሲል ያስከብራል፤ አስተናጋጇም “ቤቱ ይቀጣል” ስትል እውነቷን ይሆናል።

ሦስተኛው ጥንቃቄን የሚሻ ነው። ተቆጣጣሪው በየማታው ብቻውን እየዞረ በእጁ የሚቀጣ ከሆነ ሕጉ የጉቦ ምንጭ ይሆናል። ቅጣት በደረሰኝ፣ ምርመራ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ውጤቱም በአደባባይ በሚለጠፍ ዝርዝር ይሁን። ማስጠንቀቂያ የተሰጠውና የተቀጣው ቤት ስሙ ሲነገር፣ በሕጉ የጸናው ቤትም ስሙ ይነገርለት።

አራተኛው ምክክር ነው። ሶዶ ሕዝብ ሳይመከርበት ከላይ የወረደ ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል በ1992 ዓ.ም. “ወጋጎዳ” በተባለው የመማሪያ ቋንቋ ጉዳይ በመራራ መልኩ አይታለች። የሲጋራው ጉዳይ ከዚያ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም ትምህርቱ ይሠራል። የሆቴልና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች፣ አስተናጋጆች፣ ሹፌሮች፣ ተማሪዎችና የሃይማኖት አባቶች ተጠርተው ይነገራቸው፤ ሥጋታቸው ይደመጥ፤ የሚጀመርበት ቀን በግልጽ ይታወጅ። ምልክቱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በወላይትኛም ይጻፍ። ያልገባውን ሕግ የሚያከብር የለም።

አምስተኛው በፍሬ ከሚሸጠው ሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ የሚያዞረውን ልጅ ማሳደድ መፍትሔ አይሆንም፤ እሱ የዕለት ጉርሱን ፍለጋ የወጣ ነው። ጥያቄው ለእሱ የሚያከፋፍለው ማን ነው፣ በኮንትሮባንድ የገባውን ፓኬት የሚያራግፈው ማን ነው የሚለው ነው። ሕግ ከደካማው ጀምሮ ወደ ብርቱው ሳይደርስ ሲቆም ሰው ሕጉን መናቅ ይለምዳል።

የትምባሆ ሕጋችን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሶዶ እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ በቂ ነው። አሁን የሚጠበቀው ሌላ አዋጅ፣ ሌላ መመሪያ፣ ሌላ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ አይደለም። የከተማው አስተዳደር የሚጀምርበትን ቀን ቆርጦ፣ በመጀመሪያ የራሱን ቢሮዎች አጽድቶ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት “ተጠያቂው አንተ ነህ” ብሎ መንገር ነው። ያን ዕለት “ማን ይከልክል?” የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ቤቱ ይከልክል፤ ከተማው ቤቱን ይጠይቅ፤ ክልሉ ከተማውን ይጠይቅ። አስተናጋጇም ከይሉኝታና ከእንጀራዋ አንዱን መምረጥ ሳያስፈልጋት ሥራዋን ትሥራ።